ባለ ሞተር መቀመጫን በማዞሪያ ላይ መትከል፦ ለካምፕ ቫን ባለቤቶች የአሠራር መመሪያ

ካምፕ ቫን፣ ማለትም ውስጡ ለማደሪያ የተሰናዳ ቫን፣ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጋቢናው የሞተ ቦታ ነው። ሁለቱ ምርጥ መቀመጫዎች ፊታቸውን ወደ መስታወቱ፣ ጀርባቸውን ወደ ቤቱ አድርገው ይቀራሉ። ወደ ኋላ ሲዞሩ ግን ያው ጠባብ ቫን ሁለት ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚበላበትና የሚያወራበት ክፍል ይሆናል። ይህን የሚያደርገው በመቀመጫውና መቀመጫው በቆመበት የብረት እግር መካከል የሚገባ ማዞሪያ ነው። ማዞሪያው አንዱ በሌላው ላይ የሚሽከረከር ሁለት ወፍራም የብረት ሰሌዳ ሲሆን መሃሉ ላይ የሽቦ ማሳለፊያ ቀዳዳ፣ ጠርዙ ላይ የመቆለፊያ እጀታ አለው።

በእጅ ለሚገፋ መቀመጫ ሥራው ስምንት ቡሎን ከመፍታትና ከማሰር ብዙም አይርቅም። ባለ ሞተር መቀመጫ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀሰው፣ ግን ሌላ ነገር ነው። ለሞተሮቹ ኃይል የሚያቀብል ወፍራም ሽቦ፣ የማሞቂያው ሽቦ፣ ቀበቶ መታሰሩን የሚነግረው ሽቦ፣ የጎን ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋ የአየር ከረጢት) ሽቦ፣ በተሳፋሪው በኩል ደግሞ ሰው መቀመጡን የሚለየው ሽቦ ሁሉም ከወለሉ ተነሥተው በእግሩ ውስጥ አልፈው ወደ ላይ ይወጣሉ። ርዝመታቸው የተቆረጠው መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ ታስቦ እንጂ እንዲዞር ታስቦ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብረቱን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ ሽቦው ላይ ግን እቆያለሁ። ሥራው የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት

ለመኪናዎ ሞዴልና ለተሠራበት ዓመት ተብሎ የተሠራ፣ በተጨማሪም ባለ ሞተር መቀመጫን እንደሚቀበል አምራቹ በግልጽ የጻፈበት ማዞሪያ ይምረጡ። ለሁሉም መኪና ይሆናል ተብሎ የሚሸጥ ሰሌዳ አይግዙ። ምክንያቱ የቀዳዳው አለመግጠም ብቻ አይደለም። በአብዛኞቹ ቫኖች የቀበቶው መቆለፊያ የታሰረው ከመቀመጫው ጋር ነው። መኪናው ሲጋጭ የሰውየውም የመቀመጫውም ክብደት ተባዝቶ የሚጎትተው በማዞሪያው በኩል ነው። በአውሮፓ የቀበቶ ማሰሪያዎች ጥንካሬ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 14፣ የመቀመጫዎች ጥንካሬ በደንብ ቁጥር 17 ይፈተናል። በአሜሪካ ተመሳሳዩን ጉዳይ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃዎች ቁጥር 207 እና 210 ይሸፍኑታል። የሚገዙት ማዞሪያ ከነዚህ በአንዱ መፈተኑን የሚያሳይ ሰነድ ከሌለው በዋጋው ርካሽነት አይታለሉ።

ቀጥሎ ቁመቱን ያስቡ። ብዙዎቹ ማዞሪያዎች መቀመጫውን ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያደርጉታል። በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ሲነዱ ግን ጭን ከመሪው ይቀርባል፣ ተረከዝ ከወለሉ ይነሣል፣ የዐይን ቁመትም ይለወጣል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት በቆመው መኪና ውስጥ ያን ያህል ውፍረት ያለው ጣውላ መቀመጫው ላይ አድርገው ይቀመጡበት፤ ፔዳሎቹን እስከ መጨረሻ ይርገጡ፣ መስታወቶቹን ይመልከቱ። ባለ ሞተር መቀመጫ ከፍታውን ማውረድ ስለሚችል የተወሰነውን ያካክሳል። ካልበቃዎት ለአንዳንድ ሞዴሎች አጠር ያለ የመቀመጫ እግር ይሸጣል። ነባሩን እግር ቆርጦ መበየድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የተፈተነውን ብረት ያልተፈተነ ያደርገዋል።

ሦስት ነገሮችን ደግሞ በባትሪ መብራት ጎንበስ ብለው ይዩ። አንደኛ፣ በመቀመጫው ሆድ ሥር የተንጠለጠሉት ሞተሮችና የማርሽ ሳጥኖች መቀመጫው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሚንሸራተትበት ሐዲድ ግርጌ በታች ምን ያህል እንደሚወርዱ ይለኩ፤ የማዞሪያው የላይኛው ሰሌዳ ከነሱ ጋር መጋጨት የለበትም። ሁለተኛ፣ የእጅ ፍሬኑ ከሹፌሩ መቀመጫ ጎን ከሆነ መቀመጫው ሲዞር ይጋረጥበታል፤ ለብዙ ሞዴሎች ፍሬኑን ዝቅ የሚያደርግ ማሰሪያ ስለሚሸጥ አብረው ይግዙት። ሦስተኛ፣ ከመቀመጫው በታች ምን እንዳለ ይወቁ። ለምሳሌ ከ2014 ወዲህ በተሠራው ፎርድ ትራንዚት ባትሪው ያለው በሹፌሩ መቀመጫ እግር ውስጥ ነው፤ በፊያት ዱካቶ ደግሞ በሹፌሩ እግር ማሳረፊያ ወለል ሥር ነው። ባትሪው ከመቀመጫው ሥር ከሆነ ማዞሪያው ከገባ በኋላም እጅዎ ሊደርስበት ይገባል።

የማዞሪያው እምብርት (የሚሽከረከርበት ነጥብ) መሃል ላይ ያልሆነበት ዓይነትም አለ። ሲዞር መቀመጫውን ከበሩ ራቅ አድርጎ ወደ ቤቱ ውስጥ ስለሚያስገባው ለጠባብ ጋቢና የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ከታች እንደምናየው የሽቦውን ሥራ ያከብደዋል።

መቀመጫውን ማውረድ

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ጥቂት ናቸው፦ ባለ ኮከብ መፍቻዎች፣ ቶርክ መፍቻ (ቡሎን በተወሰነ ልክ የሚያጠብቅ)፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ የጎማ ታኮ፣ የሽቦ ማሰሪያ ፕላስቲክ፣ ሲባጎ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ እና አንድ ረዳት። ረዳቱን አይዝለሉት። ባለ ሞተር መቀመጫ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ብቻውን የታገለ ሰው ወይ የበሩን ቀለም ወይ ወገቡን ይጎዳል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. ቫኑን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ፤ ማርሽ ያስገቡ።

2. ባትሪው ገና ሳይፈታ ሞተሮቹን ይጠቀሙባቸው። መቀመጫውን እስከ ላይ ከፍ ያድርጉት። ወደ ኋላ ይውሰዱትና የፊት ቡሎኖቹን ሙሉ በሙሉ ያውጡ። ከዚያ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ያምጡትና የኋላ ቡሎኖቹን ያላሉ፤ አያውጧቸው። መቀመጫው እዚያው ወደ ፊት እንደ ሆነ ይቆይ። እኔ የመጀመሪያውን መቀመጫ ስሠራ ይህን ሳላስብ ባትሪውን አስቀድሜ ፈታሁት። መቀመጫው የኋላ ቡሎኖቹን ከልሎ ቀረ፤ ባትሪውን መልሼ አስሬ እንደገና ከመጀመር ሌላ አማራጭ አልነበረኝም።

3. የሶኬቶቹንና የሽቦውን መንገድ ከሦስት አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። እያንዳንዱ ሽቦ የት ላይ በፕላስቲክ እንደታሰረ በፎቶው ላይ መታየት አለበት።

4. ቁልፉን ያውጡ፤ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱና ጫፉን በናስትሮ ይሸፍኑ። ይህ ሲፈታ የመቀመጫው የተቀመጠ ልክ፣ ሰዓቱና በአንዳንድ መኪኖች የመስኮቶቹ ቅንብር ሊጠፋ ስለሚችል ሳይደነግጡ በኋላ መልሰው ያስተካክሉታል። ለካምፕ ቫን ልዩ የሆነ ነገር አለ፤ የቤቱ ባትሪ፣ የፀሐይ ኃይል መሙያው ወይም በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ያለው መሙያ ለመኪናው መሥመር በሌላ መንገድ ኤሌክትሪክ ሊመግብ ይችላል። እነሱንም ይለያዩ፤ ከዚያ በቴስተር በተፈታው የኔጌቲቭ ጫፍና በፖዘቲቩ መሥመር መካከል ምንም ቮልት አለመኖሩን ያረጋግጡ።

5. ይጠብቁ። የኤርባግ መቆጣጠሪያው ባትሪ ቢፈታም ለጊዜው የሚይዘው ኃይል በውስጡ ይቀራል። የመኪናዎ የጥገና መጽሐፍ የሚያዘውን ደቂቃ ያህል መታገሥ ግዴታ ነው።

6. የበሩን ብረት በእጅዎ ነክተው በሰውነትዎ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ያውርዱ፤ ከዚያ ሶኬቶቹን ይንቀሉ። ቢጫዎቹ የኤርባግ ናቸው። አብዛኞቹ ሁለት መቆለፊያ ስላላቸው አንዱን ጎትተው ሌላውን ሳይጫኑ አይወጡም፤ በጉልበት አይምዘዟቸው። በነዚህ ሽቦዎች ላይ ቴስተር ማስገባት ክልክል ነው፤ ቴስተሩ የሚልከው ትንሽ ኃይል እንኳ ኤርባጉን ሊያፈነዳ ይችላል። ከመቀመጫው ወደ እግሩ የተዘረጋ የምድር ሽቦ ካለም ይፍቱትና ቦታውን ያስታውሱ።

7. የራስ መደገፊያውን ያውጡ፤ የበሩን ደፍ በብርድ ልብስ ይሸፍኑ፤ የቀሩትን የኋላ ቡሎኖች አውጥታችሁ ለሁለት አንሡት። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ኤርባግ ያለበት ጎን በምንም ነገር አይጫን፤ ፊትዎንም ወደዚያ አያስጠጉ።

ሶኬቶቹ ተነቅለው እያሉ ማንም ሰው ቁልፉን እንዳይከፍት ቁልፉን ኪስዎ ውስጥ ያድርጉት። የኤርባጉ መብራት ይበራና በመመርመሪያ ኮምፒውተር እስኪጠፋ ድረስ ላይጠፋ ይችላል።

ብረቱ

የእግሩን የላይኛ ጠርዝ ይጥረጉ፤ ዝገትና የደረቀ ቀለም ያንሡ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በአራቱም ማዕዘን ላይ አጋድመው ብርሃን ከሥሩ የሚያሳልፍ ክፍተት መኖሩን ይዩ። ያልተስተካከለ እግር ላይ የታሰረ ማዞሪያ ይጣመማል፤ የተጣመመ ማዞሪያ ደግሞ ሲዞር ይከብዳል፣ መቆለፊያውም በትክክል አይገባም። በተሳፋሪው በኩል ክብደት የሚለኩ መሣሪያዎች በመቀመጫው አራት ማሰሪያዎች ላይ የተተከሉባቸው መኪኖች አሉ። በነሱ ላይ ይህ ጥመት የተሳሳተ ንባብ ስለሚሰጥ የማዞሪያው አምራች ለዚያ ሞዴል የፈቀደው መሆኑን አስቀድመው ያረጋግጡ።

ማዞሪያውን ያስቀምጡና የላይኛውን ሰሌዳ ቀስ እያሉ ያዙሩት፤ በሆነ ማዕዘን ላይ የታችኛው ሰሌዳ የቡሎን ቀዳዳዎች ብቅ ይላሉ። ሁለቱን ቀዳዳዎች ካሰሩ በኋላ ሌሎቹን ለማግኘት እንደገና ማዞር ይኖርብዎታል። ሁሉንም ቡሎን በመጀመሪያ በጣትዎ ያስገቡ፤ ጣት እንቢ ካለው ቡሎኑ ተጣሟል ማለት ነውና አውጥተው ይድገሙት፤ በመፍቻ የተገደደ ቡሎን ጥርሱን ይበላል። ከማዞሪያው ጋር የመጡትን ቡሎኖች ብቻ ይጠቀሙ፤ ረዝሞ የወጣ ጫፍ ሌላውን ሰሌዳ ይፍቃል። የማጥበቂያው ልክ አምራቹ የጻፈው ነው። ለግምት ያህል፣ 8.8 የሚል ምልክት ያለው ኤም 8 ቡሎን ወደ 25 ኒውተን ሜትር፣ ኤም 10 ወደ 50 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። በአንድ ዙር ሳይጨርሱ በመስቀለኛ እያፈራረቁ ያጥብቁ።

መቀመጫው ሳይጫንበት ባዶውን ማዞሪያ አሥር ጊዜ ያህል ያዙሩት። ወደ ፊት ሲመለስ መቆለፊያው በግልጽ የሚሰማ ድምፅ አሰምቶ መግባት አለበት።

ሽቦው

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን። ሽቦው ከማዞሪያው እምብርት ቢወጣ መቀመጫው ግማሽ ዙር ሲዞር ሽቦው የሚያገኘው የግማሽ ዙር ጥምዘዛ ብቻ ነው፤ ሃምሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ላይ የተበተነ ጥምዘዛ ሽቦን አይጎዳም። ነገር ግን ሽቦው ከእምብርቱ 15 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከመቀመጫው ጋር ቢታሰርና ከታችም በዚያው ልክ ርቆ ከእግሩ ቢወጣ፣ ግማሽ ዙር ሲዞር ሁለቱ ጫፎች በ30 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። መኪናው የሰጠዎት ትርፍ ርዝመት ይህን አይሸፍንም። ሶኬቱ ይነቀላል ወይም ሽቦው በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ገብቶ እንደ መቀስ ይቆረጣል። ስለዚህ ከታች የሚመጣውን ሽቦ መጀመሪያ ወደ እምብርቱ አምጥተው በመሃለኛው ቀዳዳ ያውጡት። እምብርቱ መሃል ላይ ባልሆነ ማዞሪያ ቀዳዳው ራሱ ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ያን ጊዜ ትርፉ የበለጠ መሆን አለበት።

ምን ያህል ርዝመት እንደሚያስፈልግ በግምት አይወስኑ፤ በሲባጎ ይለኩ። የሲባጎውን አንድ ጫፍ ሽቦው ከእግሩ በሚነሣበት ቦታ ይሰሩ፣ በቀዳዳው ያሳልፉ፣ ሌላውን ጫፍ ሶኬቱ በሚደርስበት ቦታ ልክ በላይኛው ሰሌዳ ላይ ይያዙት። ሰሌዳውን እስከ መጨረሻ ያዙሩ፤ ሲባጎው እየሳበ ከእጅዎ የሚወስደውን ይልቀቁለት። መጨረሻ ላይ የተለቀቀው ርዝመት፣ በላዩ ላይ አንድ መዳፍ ያህል ትርፍና መቀመጫው ወደ ላይ ሲነሣ የሚጠይቀው ተጨምሮ፣ የሚያስፈልግዎት የትርፍ ርዝመት ልክ ነው። ይህ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ከማንኛውም ቁጥር ይበልጥ ታማኝ ነው።

ነባሩ ሽቦ ካልደረሰ ማራዘሚያ ያስፈልጋል። ለመኪናው ሞዴል ተሠርቶ በሁለቱም ጫፍ ሶኬት ያለው ማራዘሚያ ይግዙ፤ ይሰካል እንጂ ምንም አይቆረጥም። የቢጫውን ሶኬት ሽቦ ቆርጦ በናስትሮ መጠቅለል ወይም መበየድ አይቻልም፤ የኤርባጉ መቆጣጠሪያ የመሥመሩን ሬዚስታንስ ያለማቋረጥ ስለሚለካ ትንሽ የላላ መጋጠሚያ እንኳ የኤርባጉን የማስጠንቀቂያ መብራት ያበራል። ከዚያ የከፋው ግን ኤርባጉ በሚያስፈልግበት ቅጽበት አለመፈንዳቱ ነው። የሞተሮቹን የኃይል ሽቦ ራስዎ የሚያራዝሙ ከሆነ ውፍረቱ ከነባሩ እኩል ወይም በአንድ ደረጃ የበለጠ ይሁን፤ የማያያዣው ጫፍ በትክክለኛ መጭመቂያ ተጨምቆ በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ይሸፈን፤ ፊውዙን ከፍ ባለ አምፔር አይተኩት።

ሽቦዎቹን በሙሉ በተሸመነ ለስላሳ ሽፋን ውስጥ ያስገቡ። ደረቅ የሆነው ቱቦ ሽፋን ለጥምዘዛ አይመቸውም፤ ስለዚህ በሚዞረው ክፍል ላይ ለስላሳውን እመርጣለሁ። የመሃለኛውን ቀዳዳ ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የተላገ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ምላጭ የመሰለ ትርፍ ብረት አለበት። በሞረድ ያለስልሱትና ላስቲክ ያልብሱት። ከዚያ ሽቦውን በሁለት ቦታ ብቻ ይሰሩት፦ ከታች በእግሩ ውስጥ፣ ከላይ በመቀመጫው ብረት ላይ። በሁለቱ መካከል ያለው ነፃ ይሁን፤ መሃል ላይ አንድ ተጨማሪ ማሰሪያ ማድረግ ጥንቃቄ ቢመስልም ጥምዘዛውን በሙሉ በአንድ አጭር ቦታ ላይ ያከማቸዋል፤ ሽቦው የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው።

መቀመጫውን መመለስ

ማዞሪያውን ወደ ፊት ቆልፈው መቀመጫውን ለሁለት ያስገቡት። ወደ ኋላ ትንሽ አጋድላችሁት ረዳትዎ ይያዝ፤ እርስዎ ሶኬቶቹን ሁሉ ይሰኩ፤ ቢጫዎቹ ድምፅ አሰምተው መግባታቸውንና ሁለተኛው መቆለፊያ መመለሱን ያረጋግጡ። የምድር ሽቦውን አይርሱ። ከዚያ የኋላ ቡሎኖቹን በእጅ ያስገቡና በመጠኑ ያጥብቁ።

አሁን ባትሪውን ያሰሩ። ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱ መቀመጫው ላይ ማንም አይቀመጥ፣ ማንም አይደገፍበት። የኤርባጉ መብራት ለጥቂት ሰከንዶች በርቶ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያጥፉ፣ ባትሪውን ይፍቱ፣ የመጠበቂያውን ጊዜ እንደገና ይጠብቁና ቢጫዎቹን ሶኬቶች ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እስከ መጨረሻ ያልገባ ሶኬት ነው። መብራቱ በርቶ እያለ መንዳት አይገባም።

መቀመጫውን በአጫጭር ንክኪ ወደ ኋላ ይውሰዱት፤ ረዳትዎ በባትሪ መብራት ከሥር ይመልከት። የመቀመጫ ሞተር እንደ እጅ አይደለም፤ መሰናክል ሲገጥመው ሳይሰማው ሽቦውንም ፕላስቲኩንም ጨፍልቆ ያልፋል። የፊት ቡሎኖቹን ያስገቡ፤ ከዚያ አራቱንም በልካቸው ያጥብቁ።

በመጨረሻ ይዞራል። የመቀመጫውን ጀርባ ቀጥ አድርገው፣ ከፊትና ከኋላ መሃል ላይ አቁመው፣ በሩን ከፍተው፣ መሪውን ወደ ላይ አንሥተው በእጅዎ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ የዙሩ አንድ ስምንተኛ በሄደ ቁጥር ቆመው ሽቦውን ይዩ። የቀበቶው ማሰሪያ በሥሩ እንዳይያዝ ይመልከቱ። ከዚያ መቀመጫው ዝቅ ብሎም፣ ከፍ ብሎም ይድገሙት። የእጅ ፍሬኑን ማውረድ የግድ ከሆነ ታኮዎቹ ከጎማው ሥር እንዳሉ ያረጋግጡ።

ለአጠቃቀሙ ሁለት ነገር ልጨምር። መቀመጫው በሄደበት አቅጣጫ ይመለስ እንጂ ዙሩን አይጨርስ፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በየምሽቱ የሚዞር መቀመጫ ሽቦውን እንደ ገመድ ያከረዋል። ማዞሪያዎ ገደብ ከሌለው በሰሌዳው ጠርዝ ላይ በቀለም ቀስት ይሳሉ፤ ለሚጠቀሙት ሁሉ ያሳዩ። ከመንዳትዎ በፊት ደግሞ መቀመጫውን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይግፉት፤ ከተቆለፈ አይንቀሳቀስም። ወደ ኋላ በዞረ መቀመጫ ላይ መኪናው እየሄደ ማንም አይቀመጥ፤ ማዞሪያዎቹ የተፈተኑት ወደ ፊት ተቆልፈው ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ በቶርክ መፍቻ ይፈትሹ። በዚያው ጊዜ መቀመጫውን ግማሽ ዙር አዙረው የሽቦውን ሽፋን ዳር እስከ ዳር በጣትዎ ይዳስሱ፤ የሚያብለጨልጭ ወይም የሻከረ ቦታ ካገኙ ሽቦው እዚያ ላይ ብረት እየነካ ነውና መንገዱን ይቀይሩለት።